መስመሩ ነው፣ አባባ

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ለመጎረር አይደለም፤ ቀጥዬ የማወጋችሁን ሞኝነት «ያልተማረ ሰው ሥራ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት ነው። ያልተማረ ሰው ቢሆን በሳምንቱ የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ይገላገል ነበር። እኔ የተማርሁ በመሆኔ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ሰባት ወሩ ደግሞ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህን ታሪክ መምህራን ክፍል ውስጥ ባወራሁ ቁጥር ሰው እስከ ግማሹ ድረስ ይስቃል፤ ከግማሹ በኋላ ሻዩን ማማሰል ይጀምራል። እናንተም እንደፈለጋችሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ኢንተርኔት ያስገባ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ያስገባሁት ሥልጣኔ አምሮኝ አይደለም። ሥልጣኔ ቢያምረኝ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግን ነበር። ያስገባሁት ለታናሽ እህቴ ለትርንጎ ነው፤ በትክክል ለመናገር ለአባታችን። ትርንጎ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆኗታል። አሠሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያውም ለግማሽ ሰዓት ነው። አባታችን ደግሞ እናታችን ካረፈች ወዲህ ደብረ ኤልያስ ያለውን ቤታቸውን ዘግተው እኔ ዘንድ መጥተዋል። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አገር ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ «አባባ» የምንላቸው እኔና ትርንጎ ብቻ ነን።

ሲመጡ አልጋ ይመቻችልኝ፣ ምግብ ይለይልኝ አላሉም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«የልጂቱ ድምፅ ይመጣል፤ ፊቷ ግን ከልቤ እየጠፋብኝ ነው» አሉ። «የሄደች ጊዜ ልጅ ነበረች። አሁን ምን እንደመሰለች አንድ ጊዜ ጥርት አድርጌ አይቻት ልሙት።»

ልጅ ለአባቱ ይህን ካላደረገ ምን ሊሠራ ተወለደ? ዋይፋዩ ተገጠመ። የመጀመሪያው እሑድ አባባ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ትርንጎ ብቅ አለች። እኔ አለቀስሁ፣ ባለቤቴ አለቀሰች፣ ትርንጎማ እንባዋ ስልኩን አራሰው። አባባ ብቻ አላለቀሱም። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ «እሷ ናት። ትንሽ ጭጋግ ለብሳለች እንጂ እሷ ናት» አሉ።

«መስመሩ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። የተማረ ሰው ሲጠየቅ አላውቅም አይልም። «መስመሩ ነው፤ አስተካክለዋለሁ።»

ስለ ፓስወርዱ እዚህ ላይ ካልነገርኋችሁ ኋላ ይጠፋባችኋል። ዕቃውን የገጠመው ሰው አሥራ ሁለት ቁጥር ያለው ፓስወርድ አውጥቶ «እንዳይረሱት» ብሎኝ ሄደ። እኔ የገዛ ሠርጌን ቀን የምረሳ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ላይ ብጽፈው ወረቀቱን እጥላለሁ። ከእኔ አንድ ክንድ ርቀው ግን ስንት ሺህ ቅኔ በቃላቸው የያዙ ሰው ተቀምጠዋል። ቁጥሩን አንድ ጊዜ ነገርኋቸው፤ ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ በቃ ገባ። ባንክ ያስቀመጥሁት ያህል ተማመንሁ። ከዚያ በኋላ ስልኬ በጠየቀኝ ቁጥር «አባባ» እላለሁ፣ ዳዊታቸውን ሳያቋርጡ በጣታቸው ጠብቅ ብለው፣ ምዕራፉን ጨርሰው ይነግሩኛል። በዓለም ላይ ፓስወርዱን የቅኔ መምህር ራስ ውስጥ ያስቀመጠ ከእኔ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። በኩራት ነበር የማወራው።

በመጀመሪያው ወር መስመሩ ጋለበ። በሁለተኛው ሶምሶማ ረገጠ። በሦስተኛው እግር ተወርች የታሰረ ይመስል መጎተት ጀመረ። በአራተኛው ወር ትርንጎ «እንዴት ዋላችሁ» ስትል «እንዴት» የሚለው እሑድ ደርሶ «ዋላችሁ» የሚለው ለሰኞ የሚያድር ይመስል ነበር። ምስሏ አፏን እንደከፈተች ይቆማል። ድምፅዋ ይቀጥላል። ከዚያ ድምፅዋ ይቆማል፣ አፏ ይንቀሳቀሳል። ግማሹ ሰዓት «ትሰሚናለሽ?» «ትሰሙኛላችሁ?» በመባባል ያልቃል።

አባባ በየእሑዱ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ። በየእሑዱም ሲነሡ «ዛሬ ደግሞ ጭጋጉ በረታ» ይላሉ። እኔም በየእሑዱ «መስመሩ ነው» እላለሁ።

እንግዲህ ጥገናው ተጀመረ። የመጀመሪያው እርምጃ ማጥፋትና ማብራት ነው። አጠፋለሁ፣ እስከ መቶ እቆጥራለሁ፣ አበራለሁ። ባለቤቴ ከዕለታት አንድ ቀን ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና «ይኼ ነገር ለሰውም የሚሠራ ቢሆን አንተን በሳምንት ሁለቴ ባጠፋሁህ ነበር» አለች። ሴትዮዋ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ናት፤ እኔ ዲግሪ አለኝ።

ማጥፋትና ማብራቱ አላዋጣ ሲል ወደ ሙያዬ ገባሁ። ክረምቱ እየገባ ነበር። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ደመና ከተማው ላይ ሲተኛ አይቼ «አገኘሁት» አልሁ። ደብተር አወጣሁ። ጧትና ማታ የደመናውን ዓይነት፣ የነፋሱን አቅጣጫና የመስመሩን ፍጥነት መመዝገብ ጀመርሁ። ሁለት ወር ሙሉ መዘገብሁ። ደመና ያለ ቀን ይዘገያል፤ ደመና የሌለ ቀንም ይዘገያል። ከዚህ ተነሥቼ ደመናው ባይታይም አለ የሚል መደምደሚያ ላይ ደረስሁ። ይህን መደምደሚያ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አስተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ አምጥቼዋለሁ። የእነሱን ነገር እግዚአብሔር ይወቀው።

ከዚያ ዕቃውን ማዘዋወር መጣ። ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልሁት፣ ወደ መስኮቱ አወረድሁት፣ ከመስኮቱ ወደ መኝታ ቤት አዛወርሁት። ዕቃው በተዛወረ ቁጥር ገመዱም ይከተለዋል፤ ሳሎኑ ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። እኔ ስወጣ ስወርድ አባባ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ከጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይደግማሉ፤ ገጹን በልኩ ይገልጣሉ። አንድ ቀን ሊወጡ ሲነሡ ገመዱ እግራቸውን ጠለፋቸውና በግንባራቸው ወደቁ። አንሥቼ አቧራቸውን አራገፍሁ። አራግፌ ስጨርስ ግን ምን ብል ጥሩ ነው? ተቆጣሁ።

«አባባ፣ እግርዎን እያዩ ይራመዱ እንጂ። ገመዱ በተነካ ቁጥር መስመሩ ይበላሻል።»

«አላየሁትም፣ ልጄ» አሉኝ። «ይቅር በለኝ።»

ገመዱን በሚስማር ወደ ግድግዳው መታሁትና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቀጥሎ ጥፋተኛው የጋሽ ዳኘው ባሕር ዛፍ ሆነ። ጋሽ ዳኘው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አጥር ለአጥር ነን። የባሕር ዛፋቸው ቅርንጫፍ የእኛን የስልክ ሽቦ ነፋስ በመጣ ቁጥር ያሸዋል። አንድ ሰኞ ጧት፣ ሳላስፈቅድ፣ መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። ቅርንጫፉን ስቆርጥ የተቀመጥሁት ቅርንጫፉ ላይ እንደሆነ የገባኝ ሲሰነጠቅ ነው። ከእነ መጥረቢያዬ ጋሽ ዳኘው ጎመን ውስጥ ወደቅሁ። ሰውየው በር ላይ ቆመው ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ያዩኝ ነበር።

«መምህር፣ ዛፉ ምን አደረገዎ?»

«ኢንተርኔቱን እያዘገየው ነው።»

«ዛፉ?»

«ዛፉ።»

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። ተኳረፍን። ጋሽ ዳኘው አራት ለጉርምስና የደረሱ ልጆቻቸውን ሰብስበው ከእኛ ቤት ጋር የሚያገናኛቸውን ነገር ሁሉ እንዲተዉ አዘዙ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው መስመሩ በዚያው ቀን መፍጠኑን ብቻ ነው። ማክሰኞም ፈጠነ። ረቡዕም ፈጠነ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ወገቤ እየተሰበረ «ዛፉ ነው አላልሁም?» እያልሁ ባለቤቴን አደነቆርኋት።

ሐሙስ ዕለት ግን ሽማግሌዎች መጡ፤ ጎረቤት ተኳርፎ አይሰነብትም። አባባ ራሳቸው መኻል ተቀምጠው አስታረቁን። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ከጋሽ ዳኘው ጋር ተቃቅፈን፣ ጠላ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ ተመራርቀው ሳይጨርሱ መስመሩ ተመልሶ ተኛ። እርቅ ኢንተርኔት ያዘገያል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔ የጠረጠርሁት ጉቶውን ነው።

በዚሁ ሰሞን አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር፤ እሱንም ልንገራችሁ። ከአጥራችን ሥር በረድፍ የተጋደሙ ድንጋዮች አሉ። እዚያ ላይ ሰው መቀመጥ አዘወተረ። ከቅዳሴ መልስ ዲያቆናት ይቀመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቄሶች፣ ወደ ማታ ደግሞ የሰፈሩ ጎልማሳ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። አባባ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጉልበታቸውን ስመው፣ ትንሽ አውግተው ይሄዱና ድንጋዩ ላይ ያቀረቅራሉ። እኔ ለየኔታ ክብር የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ሳልፍ ይነሡልኛል። «እግዚአብሔር ያክብርልን መምህር፣ ያኑርልን» ይሉኛል። ለምን ያን ያህል እንደሚመርቁኝ አልጠየቅሁም። ምርቃት ሲመጣ አሜን ይባላል እንጂ ከየት መጣህ አይባልም።

በሰባተኛው ወር ባለቤቴ ሰለቻት። ከእኔ ተደብቃ የአክስቷን ልጅ ይበልጣልን ጠራችው። ይበልጣል ኮምፒዩተር ጥገና የሚሠራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የደመናውን ደብተር ሳሳየው ገለጥ ገለጥ አድርጎ በአክብሮት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ላፕቶፑን ከፍቶ የሆነ ነገር ነካካና ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው?»

«ሦስት። እኔ፣ እሷ፣ አባባ።»

«የኔታ ስልክ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እዚህ ግን ሠላሳ አራት ስልክ አለ» አለኝና ስክሪኑን አዞረው።

ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። የስልኮቹ ስም አብሮ ይታያል። ግማሾቹ «ዲያቆን» ብለው ይጀምራሉ። የጋሽ ዳኘው አራቱም ልጆች በየስማቸው አሉ። ጋሽ ዳኘው ራሳቸውም አሉ። ከአጥሩ ሥር ያለው ጸሎት ምን እንደነበር ያኔ ተገለጠልኝ። ፓስወርዱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ረስቼዋለሁ።

ወደ በሩ ወጣሁ። አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ቁጥሩን ለሰው ሰጥተዋል?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጥቻለሁ» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «መስጠት ብቻ አይደለም፤ እስኪይዙት አስደግማቸዋለሁ። የዳኘው ትልቁ ልጅ አምስተኛውንና ስድስተኛውን እያቀያየረ አስቸገረኝ። ሦስት ቀን ተመላልሶ ነው የያዘው።»

«ለምን ይሰጣሉ?»

ገረማቸው። «የያዝሁትን መደበቅማ መክሊት መቅበር ነው። አርባ ዓመት የሰጠሁት ቅኔ መቼ ጎደለብኝ? እንዲያውም ሲሰጡት ነው የሚጸናው።»

ቀስ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ሰባት ወር የቆጠርሁት ደመና፣ ከዛፍ የወደቅሁት መውደቅ፣ የጎመኑ ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝና ቀስ ማለት አልቻልሁም።

«ይኼ ቅኔ አይደለም፣ ቧንቧ ነው!» አልኋቸው። «ሠላሳ አራት ሰው ከአንድ ቧንቧ ሲቀዳ ለትርንጎ የሚደርሳት ጠብታ ነው። ለዚህ ነው የምትደበዝዘው።»

አባባ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያ ልጄን የጋረድኋት እኔ ነኛ» አሉ።

አይደለም ማለት እችል ነበር። አላልሁም። የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ሰው የገባው ሲመስለው ደግሞ ጨካኝ ነው። ይበልጣል ፓስወርዱን ለወጠው። አዲሱን ስልኬ ላይ አስቀመጥሁት፤ ለአባባ አልነገርኋቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በመንገድ ሳልፍ ሰላምታው አጠረ። ጋሽ ዳኘው «ደኅና ዋሉ» አሉኝ፤ ከዛፉ ጠብ ጊዜ ይልቅ ይኼኛው በረደኝ። ያን ሳምንት የኔታን ሊሳለም የመጣ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አባባ ጧት ወደ በሩ ይወጣሉ፣ ሰው ሲያልፍ ኮቴውን ሰምተው ቀና ይላሉ፣ ኮቴው ካለፈ በኋላ ይቀመጣሉ። ይህን እያየሁ «እሑድ ይካሳሉ» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። ትርንጎን ጥርት አድርገው ሲያዩ ሁሉም ይረሳል።

እሑድ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ትርንጎ ብቅ አለች።

እንዲህ ያለ ጥራት አይቼ አላውቅም። የሻሿ ጥለት ይቆጠራል። ከኋላዋ ማድቤቱ ውስጥ የተሰቀሉት ድስቶች አንድ በአንድ ይለያሉ። ድምፅዋ ከከንፈሯ ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ ሰው በሕይወቱ ስንቴ እንዲህ ያሸንፋል? ወደ አባባ ዞርሁ።

«አሁንስ?»

አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ቆዩ። «አሁንም ያው ነው» አሉ። «እንዲያውም ብሷል።»

«መስመሩ ነው፣ አባባ» አልሁ። አፌ ለምዶት ነው።

«መስመሩ ምንም አልሆነም እኮ ጋሼ» አለች ትርንጎ። «እኔ ጥርት አድርጌ ነው የማያችሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «አባባ፣ ወዴት ነው የሚያዩት?»

ያኔ እኔም አየሁ። አባባ ላፕቶፑን አላዩም። ድምፅዋ ከሚመጣበት ትንሽ ወደ ግራ፣ ባዶውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት። ስንት እሑድ እንደዚህ አይተው እንደነበር እኔ አላውቅም። እኔ ሁልጊዜ አፍጥጬ የማየው የዕቃውን መብራት ነበር።

«አባባ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ «ይኼ ስንት ነው?» ሦስት ጣቷን አንሥታለች።

አባባ ትንሽ አሰቡ። «እጅሽን አነሣሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ።

ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ትርንጎ እያለቀሰች ዘጋችው። ላፕቶፑን ከደንሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋቸው።

«ከመጣሁ ጀምሮ። የመጀመሪያው እሑድ ነገርሁህ። አንተ መስመሩ ነው አልኸኝ፤ የተማረ ልጅ አለኝ ብዬ አመንሁህ።»

«ሌላውስ? ሌላው ነገር አይደበዝዝብዎትም ነበር?»

«ሌላውማ የማውቀው ነው» አሉ። «ዳዊቱን አውቀዋለሁ፤ መቼ እንደሚገለጥ አውቃለሁ። ቤቱን በእግሬ ለምጄዋለሁ፤ ያችን ገመድህን ሳይጨምር። ሰውን በድምፅ እለየዋለሁ። የማላውቀው የእሷን ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ የደበዘዘው እሱ ብቻ መሰለኝ።»

ማክሰኞ ባሕር ዳር ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አባባን «አባቴ» እያለች ደግፋ አስቀመጠቻቸው። መሣሪያውን ካየች በኋላ ከወንበሯ ሳትነሣ ወደ እኔ ዞረች። የዓይን ግፊት ነው አለችኝ። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ ሕመም የለውም፣ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው። የሄደው አይመለስም። የቀረችውን ጭላንጭል በጠብታ ለመያዝ እንሞክራለን።

«ማየት ያስቸገራቸው ከስንት ጊዜ ወዲህ ነው?»

«ሰባት ወር።»

ጻፈችው። «ያን ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ብዙ ይተርፍ ነበር» አለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በመልሱ አውቶቡስ ውስጥ ባዘዘችው ጠብታ ዓይናቸው እየፈሰሰ አባባ እኔን ያጽናኑ ነበር። እሳቸውን ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ ዓይነ ስውር እንደነበሩ፣ ዓይን ካላቸው መምህራን ሁሉ እንደሚበልጡ ነገሩኝ። ዓይን ለዜማ አያስፈልግም አሉ። ለቅኔም አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ሲቆጥሩ ስለ ትርንጎ ያልተናገሩት ሆን ብለው እንደሆነ ገባኝ። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ቤት እንደደረስን ያደረግሁት የመጀመሪያው ነገር አዲሱን ፓስወርድ ለአባባ መንገር ነው።

«ለማን ልስጠው?» አሉኝ።

«ለፈለጉት። ብቻ እሑድ ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል ይተዉልን።»

አባባ ቄስ አይደሉም፤ መገዘት ሥልጣናቸው አይደለም። ቢሆንም ቁጥሩን ያስደገሙትን ሁሉ በዚያች ግማሽ ሰዓት ስልኩን እንዳይነካ ገዘቱት። ድንጋዩ እንደገና ሰው አገኘ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የተቀመጠው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከትቶ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። አንዱ ዲያቆን ሰዓቱን በስልክ እንዳያይ ብሎ የእጅ ሰዓት ገዛ። ለዚያች ግማሽ ሰዓት የእኛን ቤት መስመር የሚያህል በጎጃም ምድር የለም።

ከባሕር ዳር በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ ትርንጎ ብቅ ስትል አባባ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው ነበር የተቀመጡት።

«አንተ እያት» አሉኝ። «እያየህ ንገረኝ። ከላይ ጀምር። እኔ እይዘዋለሁ።»

ልጅ ሳለሁ ጀምሬ ያቋረጥሁት የቅኔ ትምህርት ነበር፤ እሳቸው ይሉ፣ እኔ እደግም፣ እንደገና እስት ነበር። አሁን እኔ የምለውን እሳቸው ሊደግሙ ነው። ትርንጎ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፋ፣ ፎቶ ሊያነሡት እንደመጣ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ግንባሯ ሰፊ ነው» አልሁ። «የእማማን ነው።»

«ግንባሯ ሰፊ ነው፣ የእናቷን ነው» አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ቀጥል።»

«ቅንድቧ ቀጭን ነው፤ የግራው ትንሽ ከፍ ይላል።»

«የግራው ከፍ ይላል። ቀጥል።»

«ዓይኗ ያው ነው። ከሥሩ ትንሽ ጠቁሯል፤ እንቅልፍ ያነሳት ትመስላለች።»

ደገሙት። ወደ ጉንጯ ወረድሁ። ጉንጯ ላይ ያለውን ነገርኋቸው፣ አገጯን ነገርኋቸው።

«ቆይ» አሉ። «ዘለልህ።»

«አልዘለልሁም።»

«ከዓይኗ ወደ ጉንጯ ስትወርድ አንድ ነገር ዘልለሃል። አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ ሲዘልል ትንፋሹ ይነግረኛል። ተመለስ።»

ትርንጎን አየኋት። ሠላሳ ዓመቷ ነው። የምለውን ትሰማለች። እጇን አነሣችና ሻሿን በደንብ እንዲታየኝ ከጆሮዋ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው።

«ጆሮዋ አጠገብ ሸብታለች፣ አባባ» አልሁ። «በሁለቱም በኩል።»

አባባ ወዲያው አልደገሙትም። ከአጥሩ ውጭ ሰው ሲያስል ይሰማ ነበር። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይለውጡ፣ ልክ እኔ እንዳልሁት፣ «ጆሮዋ አጠገብ ሸብታለች፣ በሁለቱም በኩል» አሉና መዳፋቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ቀጥል» አሉኝ። «ጊዜ የለንም።»